«እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ባል፣ ደብተር የያዘች ሚስት

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ላቦራቶሪ ላይ እሠራለሁ። ባለቤቴ ፒያሳ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እኔና ልጆቹ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለን። ስንመለስ ሱቁ ውስጥ ከባዶ መደርደሪያ በቀር ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ተቀጥሮ ይሠራል።

አሁን አጎቱ ኮምቦልቻ ላይ በሽርክና ሱቅ እንክፈት ብለውታል። መስከረም ሳያልቅ መልስ ይፈልጋሉ። እሱ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ልቤ ሰላም አላገኘም»፣ «ከግሸን ስመለስ እናያለን» ይላል። አምናም ሌላ ዕድል በዚሁ አመለጠን። የዘመን መለወጫ ማታ ቡና ላይ ደብተሬን አውጥቼ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቁቡን ገንዘብ ባሳየው «አንቺ እኮ እምነት የለሽም» አለኝ። ያውም እናቱ ፊት። ከዚያን ቀን ወዲህ በደንብ አልተነጋገርንም። አማቴ «ዝም በይው፣ በጸሎት ያዥው» ይሉኛል። እኔ ጾሙንም ጸሎቱንም አላጓደልኩም። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው? ወይስ እውነትም እምነቴ ጎድሏል?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገራችሁ። 2018ን በኩርፊያ መቀበላችሁ አሳዝኖኛል።

የመጨረሻውን ጥያቄሽን ቶሎ ልመልስልሽ። የእምነትሽን ልክ እኔ አልለካም። ባለቤትሽም አይለካም። እሱ የአንቺና የነፍስ አባትሽ ጉዳይ ነው። እኔ ከደብዳቤሽ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ጸባችሁ በእምነት ላይ አይመስለኝም። ሁለታችሁም ፈርታችኋል። እሱ ፍርሃቱን በእግዚአብሔር ስም ይሸፍነዋል፣ አንቺ ደግሞ በደብተር።

ቅር እንዳይልሽ፤ ላስረዳ።

ያን ጥቅምትና ኅዳር መለስ ብለሽ አስቢው። መንገዱ በሸሸ ሰው ተሞልቷል። አንቺና ልጆቹ የት እንደደረሳችሁ አያውቅም። ሱቁን ቆልፎ ከመሄድ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። ሰው እጁ ላይ ምንም ሳይኖር «እግዚአብሔር ያውቃል» ሲል ስንፍና አይደለም። ከማበድ የሚያድን ነገር ነው። ያን ሰሞን ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ሰው ያደረው በዚህ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ፣ ሙስሊሙ ጎረቤቱ «አላህ ያውቃል» አለ፣ ሌሊቱ ነጋ። ለባለቤትሽም ያኔ በደንብ ሠርቶለታል። አሁን ያስቸገራችሁ፣ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላም፣ እጁ ላይ ያለውንም ነገር ጭምር በዚያው መንገድ መያዙ ነው።

ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። ሃይማኖተኛ ሰዎች መከራን እንዴት እንደሚጋፈጡ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት ሦስት ዓይነት አያያዝ ለይቷል። አንደኛው «እግዚአብሔር አእምሮ ሰጥቶኛል፣ ቀሪውን ራሴ እወጣዋለሁ» ይላል። ሁለተኛው ነገሩን ጠቅልሎ ለእግዚአብሔር ይሰጥና ይጠብቃል። ሦስተኛው አብሮ ይሠራል፤ ይጸልያል፣ ያስባል፣ ይሞክራል፣ ደግሞ ይጸልያል። በራስ መተማመንና ችግር የመፍታት አቅም ከሦስተኛው ጋር አብረው ታይተዋል። ጠቅልሎ የሚጠብቀው ላይ ግን ዝቅ ብለው ነው የተገኙት። ያም ሆኖ ነገሩ ፈጽሞ ከሰው አቅም ውጪ ሲሆን መተውም ሊያሳርፍ ይችላል። ባለቤትሽ በ2014 ያደረገው ይህንን ነው። ስለዚህ «ተሳስተሃል» አትበይው። ያኔ ልክ ነበር።

ነህምያን ታስታውሺዋለሽ? የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲለው እዚያው እንደቆመ ጸለየ። ከጸለየ በኋላ ግን ዝም አላለም። በየአገሩ ላሉት ገዢዎች የሚያሳልፈው ደብዳቤ ጠየቀ፣ እንጨት የሚሰጠው ደብዳቤም ጠየቀ። ከተማው ሲደርስ ደግሞ በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን እየዞረ አየ። ባለቤትሽ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ሳያውቀው አይቀርም። ለክርክር ማሸነፊያ እንዳታመጪበት ብቻ። በጥቅስ የተረታ ባል ሱቅ አይከፍትም፤ ያኮርፋል።

አሁን «ልቤ ሰላም አላገኘም» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትይው የምፈልገው ይህንን ነው። ሁሉን ያጣ ነጋዴ ስለ አዲስ ሱቅ ሲወራ መጀመሪያ የሚሰማው ሰውነቱ ነው። ደረቱ ይጨንቀዋል። ሆዱ ይረበሻል። እንቅልፍ ይጠፋል። «በቃ፣ ከግሸን በኋላ» ሲል ወዲያው ቅልል ይለዋል። ያ ቅልል ማለት ይጥማል፤ ስለዚህ በሚቀጥለውም ያስተላልፋል። በእኛ በሥነ ልቦና ሙያ ይህ ሽሽት ነው። ፍርሃት ደግሞ በሸሹት ቁጥር ይወፍራል። ሃይማኖተኛ ሰው ላይ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ ያ ቅለት የእግዚአብሔር መልስ ይመስላል። «ስተወው ሰላም ተሰማኝ፣ እንግዲህ ፈቃዱ አልነበረም» ያሰኛል።

እግዚአብሔር በልብ ሰላም አይናገርም እያልኩ አይደለም፤ ለዚያ ሥልጣኑም የለኝም። ግን ሁለቱን ለመለየት የምጠቀምበት አንድ ነገር አለ። በእርግጥ ሰላም አግኝቶ የተወ ሰው «ለምን ተውከው?» ሲባል ብዙ ጊዜ አይቆጣም። ረጋ ብሎ ያስረዳል። ሸሽቶ የተወ ሰው ግን ጥያቄው ራሱ ያመዋል። «እምነት የለሽም» ያለሽ እንዲህ አሞት ይመስለኛል።

ሌላም እጠረጥራለሁ። ባለቤትሽ የሱቁን መዘረፍ እንደ ቅጣት ቆጥሮት ይሆን? «ምን በድዬ ነው?» እያለ ለብቻው የሚብሰለሰል ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ወንዱ አያወራውም። መከራውን «እግዚአብሔር ቀጣኝ» ወይም «ጣለኝ» ብለው የሚያስቡ ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚጎዱ የፓርጋመንትም የሌሎችም ጥናት ያሳያል። ኮምቦልቻን ተመልከቺ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ስንቱን ተስፋ አስደርጎ ነበር። በ2014 ጦርነቱ መጣ፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት ከአጎዋ ዕድል ወጣች፣ ሥራ የፈታው ፈታ። እነዚያ ልጆች እምነት ስለጎደላቸው ነው? እንዲህ ብለሽ ብትጠይቂው እሱ ራሱ «አይደለም» ይልሻል። ለሌላው የሚፈርደውን ለራሱ ግን አይፈርድም።

አንቺ ደግሞ ላቦራቶሪ ላይ የምትሠሪ ሰው ነሽ። ልብሽ የሚያርፈው ውጤቱ በቁጥር ተጽፎ ሲመጣ ነው። ሂሳብ መያዝሽን እወድልሻለሁ፤ እናንተ ቤት አንድ ሰው ባይይዘው ኖሮ የት ትደርሱ ነበር? ነገር ግን ያ ደብተር በበዓል ማታ፣ እናቱ በተቀመጡበት ሲወጣ ምን እንደተነበበበት አስቢ። አንቺ «እንዴት እናድርግ?» ብለሽ ነው ያወጣሽው። እሱ «ቤትህን ማስተዳደር አቃተህ» ተብሎ ነው የሰማው። አንቺ ስትገፊ እሱ ይሸሻል፤ እሱ ሲሸሽ አንቺ ትገፊያለሽ። ማን እንደጀመረው ብትፈልጉ አታገኙትም።

ይህ ማለት የተናገረሽ ነገር ልክ ነበር ማለት አይደለም። የሰውን እምነት በሰው ፊት መናቅ ከባድ ነገር ነው። ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይገባል።

ወደ ግሸን ይሂድ። እንዳትከለክዪው። ብትችይ አብረሽው ውጪ። መስከረም 21 ግሸን የሚወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ መኪናውን አስቀድሞ ይነጋገራል፣ ዳቦ ቆሎውን ይቋጥራል፣ ለአምባው ብርድ ጋቢ ይይዛል፣ ጫማውን ያያል። ስንቅ ስለያዘ ማርያምን አላመናትም የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ግን ለእሱ አሁን አትንገሪው። ስንቁን ስትቋጥሪ ራሱ ቢያስበው ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ምሽት ያስፈልጋችኋል። ልጆቹ ከተኙ፣ አማትሽም ከሌሉ፣ ደብተሩን ሳታወጪ ተቀመጡ። «ትገባበታለህ ወይስ አትገባበትም?» አትበይው። እንዲህ ብትይው ይሻላል፦ «ያን ቀን ተመልሰህ ሱቁን ስትከፍት ምን አየህ? ነግረኸኝ አታውቅም። እኔም ፈርቻለሁ፤ ሌሊት ተነሥቼ ሂሳብ የምሠራው ለዚህ ነው።» ከዚያ ዝም በዪ። አማትሽ «ዝም በይው» ካሉሽ፣ የዝምታው ቦታ እዚህ ጋ ነው። ቢያለቅስ አታባብዪው፣ ይጨርስ። በዚያ ምሽት ስለ ኮምቦልቻ አንድም ነገር ባትወስኑ ግድ የለም።

ያቆሰለሽንም ንገሪው። በአጭሩ፦ «እምነት የለሽም ስትለኝ ተጎድቻለሁ። እናትህ ፊት ነው ያልከው፣ እናትህ ፊት አንሣልኝ።» ከዚህ አታስረዝሚው።

ደብተሩ የሚወጣው በሌላ ቀን ነው። ብዕሩን እሱ ይያዝ። በአንድ ገጽ ላይ እናንተ የማትወስኑትን ይጻፍ፤ የአገሩ ሰላም፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ፣ ገበያው። ይህ ገጽ የጸሎት ገጽ ነው፤ በሂሳብ አትነካኪው። በሌላው ላይ በእጃችሁ ያለውን። ስንት ብር ታወጣላችሁ? ከዕቁቡ ስንቱ ሳይነካ ይቀመጣል? ትርፉ እንዴት ይካፈላል? ኪሳራስ ቢመጣ? ቁልፉና የባንክ ደብተሩ ማን ጋ ይሆናል? ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑ ይመላለሳል ወይስ ቤቱ ወደዚያ ይወርዳል? አንቺስ ዝውውር ታገኛለሽ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ሽርክናው በእርግጥም የማይረባ ሊሆን ይችላል። አጎት ናቸው ተብሎ ያለ ጽሑፍ ውል የተጀመረ ንግድ ስንቱን ቤተሰብ አለያይቷል። ጥያቄዎቹ ተጠይቀው መልሱ ካላማረ፣ የባለቤትሽ ልብ ልክ ነበር ማለት ነው፤ አንቺም ያን ጊዜ «ልክ ነህ» ለማለት ተዘጋጂ። እኔ የምፈልገው ሱቁ እንዲከፈት አይደለም። እምቢም ቢል አይቶ፣ ጠይቆ እምቢ እንዲል ነው።

የነፍስ አባታችሁን ሁለታችሁም አብራችሁ ብታነጋግሩ ጥሩ ነው። ለየብቻ አትሂዱ፤ ለየብቻ የሄደ ሰው የራሱን ወገን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ተከታተዪልኝ። ሌሊት እየቃዠ የሚነሣ ከሆነ፣ ምግብ ከዘጋው፣ ከሰው ከራቀ፣ መጠጥ ወይም ጫት ካበዛ፣ በተለይም «ምን ልሁን ብዬ እኖራለሁ» የሚል ንግግር ካመጣ ይህ የምክር ዓምድ አይበቃውም፤ የመጨረሻውን ከሰማሽ ደግሞ ነገ አትበዪ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አንቺ የጤና ባለሙያ ስለሆንሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ጸበሉን መተው የለበትም። መድኃኒት ከታዘዘለት ግን ለጸበሉ ብሎ አያቋርጥ።

የቀኑ ነገር ቀረ። ግሸን መስከረም 21 ነው፣ አጎቱ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በመሐል ጥቂት ቀን አለ፤ ጥያቄዎቹ ከጉዞው በፊት ከተጻፉ ይበቃል። «ከግሸን ስመለስ» የሚለው ግን ቀን ይውጣለት፤ ለምሳሌ መስከረም 25። እስከዚያ ድረስ እንዲታገሡት፣ የውሉንም ሐሳብ በጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ለአጎቱ ይደወልላቸው። የሚደውለው እሱ ይሁን፤ አንቺ እንዳትደውዪ።