ናፍጣው ጠዋት አልነሳ፣ ሞተሩም በስምህ አልዞር ላለህ ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ገዝተሃል፤ ታኅሣሥ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብሎሃል። ለባሕር ዳር ውስጥ መመላለሻ ደግሞ ያገለገለ ሞተር ሳይክል በውክልና ገዝተህ እስካሁን ስሙን አላዞርክም። «የቱን ላስቀድም?» ነው ያልከው። ከአጻጻፍህ ልጅ ትመስለኛለህ፣ አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ሁለቱም እኔ ላይ ደርሰዋል። ያውም በአንድ ጠዋት።

በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ሞተሩን አስቀድም። መኪናው ቢቆም በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ውክልና የሰጠህ ሰው ግን ሰው ነው።

እኔ ቦክሰር ሞተር ሳይክሌን የገዛሁት በ2010 ነው። ሻጩ የደብረ ታቦር ሰው ነበር። ባሕር ዳር ብዙ ዓመት ሠርቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሸጠልኝ። ደግ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ውክልናው «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ስም ማዞር» ሁሉንም ይላል። ሊብሬውን፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩን፣ አስረከበኝ፣ ቡና ጠጣን፣ ተለያየን። እኔም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ተዝናናሁ። ስም ማዞሩን ለደመወዝ፣ ከዚያ ለፋሲካ፣ ከዚያ ለክረምት እያልኩ ዓመት ሞላ።

ቦሎ ላሳድስ ስነሳ በዚያው ስሙንም ልጨርስ አልኩ። ከሻጩ የጋብቻ ማስረጃ እንደጎደለኝ ነገሩኝና ደወልኩለት። ስልኩን ሴት አነሳች። «አርባው ካለፈ ሳምንቱ ነው» አለችኝ።

አልደብቅህም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሞተሩ ነበር። እስካሁን አፍርበታለሁ።

ይኸውልህ፣ ያኔ ያላወቅኩት ነገር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል። በውክልናው ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፣ ማኅተሙ ቢያምር፣ ገንዘቡን ከፍለህ ብትጨርስ ዋጋ የለውም። ውጭ የቆመ ደላላ «ዝም ብለህ ጨርስ፣ ማን ያውቃል?» ብሎኝ ነበር። እምቢ ስለው ሞኝ ነህ አለኝ። የሞተ ሰው በሰጠው ውክልና ፈርሞ ኋላ ወራሾች ሲከሱ ማን እንደሚከሰስ ግን አልነገረኝም።

አንድ መስኮት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። «ወካዩ በሕይወት አለ?» አለችኝ ልጅቷ፣ ቀና ሳትል። ሞቷል አልኳት። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?» አለችና መስኮቱን ዘጋችው። የምሳ ሰዓት እንዳይመስልህ፤ 4 ሰዓት ተኩል ነበር። በሌላ ቀን ስመለስ «የሞት ማስረጃ አምጣ» አለችኝ። ኮፒ አመጣሁ። «ዋናው» አለችኝ። ዋናውን አመጣሁ። «ይሄ ብቻውን ምን ያደርጋል? የወራሽነት ማስረጃስ?» አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ትንፋሽ ልትነግረኝ የምትችለውን በሦስት ምልልስ ገዛሁት። አንተ በነጻ ውሰደው፦ የሞት ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያ ወራሾቹ ሁሉ ራሳቸው ወይም በወኪል መጥተው ይፈርማሉ። ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። አንዱ ልጅ አዲስ አበባ ነበር፤ ለእናቱ ውክልና እስኪልክ ወር ፈጀ።

የአንተ ሻጭ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውልለትና ውልና ማስረጃ ይዘኸው ግባ። ለእሱም ይጠቅመዋል። ሞተሩ በስሙ እስካለ ድረስ ሰው ብትገጭ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ይህን ብቻ ንገረው፣ ሮጦ ይመጣል።

2. ወደ ናፍጣው። ከእኔ በፊት የመለሰልህ አንዱ ወንድም «ናፍጣው ረግቶ ነው» ብሎሃል። አይደለም። ናፍጣ የሚረጋው ብርዱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። ጣና ዳር እንደዚያ ያለ ብርድ የለም።

የእኔም መኪና እንደ አንተው ነበር። ባሕር ዳር ላይ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሙከራ እያጉረመረመ ይነሳል። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳይከፍት «ባትሪ ነው» አለ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ለሳምንት የተሻለው መሰለኝ። ከዚያ «ፖምፓው ደክሟል» አለ። የናፍጣ ፖምፓው ወረደ፣ ተፈታ፣ ተስተካክሎ ተመለሰ። ስንት እንደከፈልኩ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ይህን ልታነበው ትችላለች።

በዚህ መኪና ነው እንግዲህ ለወራሽነቱ ጉዳይ ደብረ ታቦር የወጣሁት። ታኅሣሥ 2012። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ፍርድ ቤቱ ምስክር ይፈልጋል፤ አንደኛው ምስክር የሟች አጎት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ በጉና በኩል ይኖራሉ። «አይቸገሩ፣ እኔ በመኪና አመጣቸዋለሁ» ብዬ ለሟች ሚስት ቃል ገባሁ። ማን አስገደደኝ?

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ። በ12 ሰዓት ከፔንሲዮኑ ስወጣ መስታወቱ ላይ የነበረው ጤዛ እጅ ያደርቃል። ቁልፍ ሰጠሁት። ማስነሻ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ሞተሩ ግን እንቢ። ደግሜ፣ ደጋግሜ። አዲሱ ባትሪዬ 1 ሰዓት ላይ አለቀ።

ጎን አንድ የአይሱዙ ሾፌር መኪናውን እያሞቀ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው። ቡናቸውን ይዘው መጡ፣ ጭሱን አዩ። «ነጭ ነው። ናፍጣው እየገባ ነው፣ አይነድም እንጂ። ማሞቂያ ካንዴላህን መቼ አየሃት?» አሉኝ። እኔ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋ ጥቅልል ምልክት ትበራለች ትጠፋለች፣ ደህና ነው አልኳቸው። ሳቁ። «እሷ ሰዓት ቆጥራ ነው የምትጠፋው። ካንዴላው ይሙቅ አይሙቅ አታውቅም።»

ከዚያ የፍሬቻ አምፑል አወጡና ሁለት ሽቦ አሰሩበት። አራቱን ካንዴላ የምታገናኘውን ብረት ፈቱ። አንዱን ሽቦ ከራሳቸው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከካንዴላው ጫፍ። የሁለቱን መኪና አካል በገመድ አገናኝተዋል። አምፑሉ ከበራ ካንዴላው ደህና ነው። ከአራቱ የበራው አንድ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ብልጭታ የለውም። አየሩ ሲታመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ነው ናፍጣው የሚነደው። ጠዋት ብረቱ ቀዝቅዟል፤ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ታምቆም የሚሰጠው ሙቀት ያንሳል። ያንን ጉድለት የሚሞላው ካንዴላው ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ በትግል የሚነሳ፣ ደብረ ታቦር ላይ ጭራሽ አይነሳም። ባትሪዬም ፖምፓዬም ያለ ጥፋታቸው ተቀየሩ፣ ተፈቱ።

በገመድ ጎተቱኝ፣ በማርሽ ተነሳ። 4 ሰዓት አልፏል። ሽማግሌው ምስክር ጋ ስደርስ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «በእግሬ ብነሳ እደርስ ነበርኮ ልጄ» አሉኝ። ቀጠሮው ለሦስት ሳምንት ተላለፈ። የሟች ሚስት ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ አቀረበችልኝ።

3. ጭሱን እይ። ዋናው ምክሬ ይሄ ነበር፣ ታሪኩ ጎተተኝ። ስታዞረው ነጭ ጭስ ካለ ካንዴላውን፣ ወይም መብራት የሚያደርስለትን ሪሌይ ፈትሽ። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም፤ የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ግፋት። ለስላሳ ከሆነችና ብዙ ገፍተህ ከጠነከረች ሌሊት አየር እየሳበ ነው። ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃም አፍስስ። የሚረጭ ማስነሻ ወይም ቤንዚን አየር መሳቢያው ላይ የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ካንዴላ ባለበት ሞተር ላይ ይህ ፒስተን ሊሰነጥቅ ይችላል። ታንከር ሥር እሳት ስለሚያነዱት ደግሞ ምን ልበል።

4. የሞተር ሳይክሉን ሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። በዓይን አትመን። ስስ ወረቀት አድርገህበት በእርሳስ ፈግፍገው። በዚህ እንኳ እኔ አልተቃጠልኩም፣ ጎረቤቴ ግን በአንዲት ቁጥር ስህተት ወራት ተመላልሷል።

ቦክሰሬ በግንቦት በስሜ ዞረች። ለወራሾቹ ትራንስፖርት፣ ለምስክሮቹ ምሳ፣ ለእኔ ምልልስ ያወጣሁትን ብደምረው ግማሽ ሞተር ይገዛል። ሊብሬው ላይ ስሜ ተጽፎ ሳየው ግን ለመስኮቷ ልጅ ፈገግ አልኩላት። ያን ቀንም ቀና አላለችም።

ነገ ጠዋት መኪናውን ስታስነሳ ከኋላ ሰው አቁምና ጭሱን በስልክ አስቀርጽ፤ እዚሁ ለጥፈው። ነጭ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ዓባይ ማዶ ነኝ፤ የፍሬቻ አምፑሏ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣ ይዣት እመጣለሁ። ለሻጭህ ግን ዛሬ ማታ ደውል።