የስበት ሞገድ ታየ፣ ተደመጠ ወይስ ተሰማ?

ጥያቄ፦ አንድ ዜና «ሳይንቲስቶች የስበት ሞገድ ተመለከቱ» አለ፤ ሌላው ደግሞ «አዳመጡ» ብሎ ዘገበ። ሞገዱ ብርሃን ካልሆነ እንዴት ይታያል? ድምፅ ካልሆነስ እንዴት ይደመጣል? ትክክለኛው ግስ የትኛው ነው?

መልስ፦ የእኔ ምርጫ «ተሰማ» ነው። ይህን የምለው ግን ስለ ጆሮ ብዬ አይደለም። የስበት ሞገድ ማለት እንደ ኮከብ ያሉ ግዙፍ አካላት ሲጋጩ የሚነሣ፣ ቦታን ራሱን እየሳበና እያኮማተረ የሚጓዝ ንዝረት ነው።

ግሱን የሚወስነው መሣሪያው ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። በአሜሪካ ሃንፈርድና ሊቪንግስተን ያሉት ላይጎ የተባሉ የስበት ሞገድ መለኪያ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በቀጤ ማዕዘን የተገናኙ ሁለት ክንዶች አሏቸው፤ የአንዱ ክንድ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር ነው። የሌዘር ጨረር ለሁለት ተከፍሎ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ ውስጥ ይጓዛል፤ ጫፉ ላይ በቀጫጭን የብርጭቆ ክሮች የተንጠለጠለ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን መስተዋት መልሶ ይልከዋል። ሁለቱ ጨረሮች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ከሞላ ጎደል እንዲያጠፋው ተደርጎ ተስተካክሏል። የስበት ሞገድ ሲያልፍ ግን አንዱ ክንድ ሲረዝም ሌላው ያጥራል፣ መጠፋፋቱም ይዛነፋል፤ በዚህ ጊዜ መውጫው ላይ ያለው ብርሃን ይለዋወጣል። የርዝመቱ ለውጥ ከፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ያንሳል።

«ታየ» ቢባል ምናለበት የሚሉ ሰዎች የሚነሡት እዚህ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተለካው ብርሃን አይደለም ወይ ይላሉ። ነው፤ ግን የማን ብርሃን? ከሰማይ የመጣ ሳይሆን እዚያው ቱቦ ውስጥ የተለቀቀ የመለኪያ ብርሃን ነው። ገመድ ይዞ መሬት የለካ ሰው ያየው ገመዱን ነው ብለን አንከራከር፤ ግን ገመዱ መሬቱ አይደለም። «አየ»ን በዐይኑ «ዐ» የሚጽፉ ሰዎች ግሱ ከ«ዐይን» የወጣ ነው ባዮች ናቸው፤ እነሱማ ከማንም በላይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

«አዳመጡ» የሚሉት የተሻለ መከራከሪያ አላቸው። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015) የተመዘገበው የመጀመሪያው ሞገድ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ከ35 ወደ 250 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) አሻቀበ፤ ይህም የሰው ጆሮ ከሚሰማው ድግግሞሽ ውስጥ ነው፣ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅም እንደ አጭር ፉጨት ይሰማል። ይሁንና ፉጨቱን የሠራው ድምፅ ማጉያው ነው። ደግሞም «አዳመጠ» ጆሮን ወደ ተናጋሪው አዘንብሎ መስጠት ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ግን ወደየትም አይዞሩም። ከላይም ከታችም፣ መሬትን ሰንጥቆ የመጣውንም ሳይቀር ይቀበላሉ።

እንግዲህ «ሰማ»። ግዕዙ «ሰምዐ» ነው። («ሰማይ» ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ የዚያኛው ሦስተኛ ፊደል «የ» ነው። ይህን ዝምድና በየመድረኩ የሚሰብኩ ሰዎች ቢተዉት ደስ ይለኛል።) አማርኛ ግሱን ከጆሮ አውጥቶ ለመላ አካል ሰጥቶታል፦ ብርድ ይሰማናል፣ ሕመም ይሰማናል፣ ሽታም ሲመጣ «ሸተተኝ» እንደምንለው ሁሉ «ሽታ ተሰማኝ» እንላለን። «ስሜት» ከዚሁ ወጣ፤ ዐይንም ራሱ ከስሜት ሕዋሳት አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። የክንድ መሳብና መኮማተርን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ግስ ከየት ይመጣል?

ሌላም አለ። ከ«ሰምዐ» ስምዕ፣ ማለትም ምስክርነት፣ እንዲሁም «ሰማዕት» ይወጣሉ። ላይጎም በአብዛኛው በአንድ ምስክር አይፈርድም። የጭነት መኪና ንቅናቄ፣ ከሩቅ ዳርቻ የሚላተም የባሕር ሞገድ፣ ወይም መሣሪያው ራሱ የሚያወጣው ሁከት ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። ስለዚህ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል በተራራቁት በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ተመሳሳይ ቅርጽ እንዲታይ ብዙውን ጊዜ ይፈለጋል፤ የመድረሻው ልዩነት ደግሞ ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ያንን ርቀት ለመሻገር ከሚፈጅበት 10 ሚሊ ሰከንድ መብለጥ የለበትም። በዚያ ዕለት ሊቪንግስተን ሃንፈርድን በ7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቀደመው።

ሁለቱን ግሶች በየቦታቸው ለማስቀመጥ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ይጠቅመናል። የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች) ግጭት መጀመሪያ በስበት ሞገድ ተሰማ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታውን መዘገበ፤ 11 ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ በቴሌስኮፕ ታየ። ሁሉንም «ታየ» ያለ ጸሐፊ ለሥነ ፈለክ አዲስ የሆነውን ነገር አጠፋው።

«ተመለከተ» ላይ ግን እጄን ልሰጥ ነው። «ወደ» የሚለውን መስተዋድድ ይወዳል፦ «ወደ ሰማይ ተመለከተ» ይባላል፣ «ወደ ሰማይ ሰማ» አይባልም። ስለዚህ ለማይዞር መሣሪያ አይስማማም ብዬ ስሞግት ኖሬአለሁ። ነገር ግን «ምልከታ» የሙያ ቃል ሆኖ ጸንቷል፣ መማሪያ መጻሕፍትም ይዘውታል፤ «ምልክት»ም የዚያው ዘር መሆኑን መካድ አልችልም። ምልክት ማንበብ በሚለው ፍች ከተወሰደ ዜናው አልተሳሳተም። ሳልወድ ተቀብያለሁ።

የእኔው ምርጫም ነቀፋ አለበት፦ «የስበት ሞገድ ተሰማ» ብቻውን ሲቆም ወሬው የተሰማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቦታውን ይጨምሩበት፤ «በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ተሰማ» ብለው ይጻፉ። «ተሰማቸው» ካሉ ግን የተሰማቸው ሳይንቲስቶቹ ይሆናሉ፤ እነሱን ደግሞ ሞገዱ አልነዘራቸውም።