ስለ ጠጅ እርሾ ለማጥናት ለተነሣችሁ ወጣቶች

በማይክሮባዮሎጂ ትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በጠጅ እርሾ ላይ ለመሥራት ስታስቡ ምክር ትጠይቁኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ከናሙናው የለያችሁት እርሾ ሳካሮማይሴስ ሴሬቪሲያ መሆኑ ሲረጋገጥ ጥናቱ የተጠናቀቀ ይመስላችኋል፤ በእኔ እምነት ግን ጥናቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የዳቦው፣ የቢራው፣ የወይን ጠጁና የማር ጠጁ እርሾ በዚህ በአንድ ስም ይጠራሉና ስሙ ብቻውን የሚነግረን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 1,011 የዚህ ዝርያ ስትሬኖች (በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ዘሮች) ሙሉ ጄኖም፣ ማለትም መላው የዘረመል መረጃቸው፣ ተነቦ ሲታተም፣ ለወይን ጠጅ የሚውሉት የአውሮፓ ስትሬኖች እርስ በርሳቸው በጣም የተቀራረቡ ሆነው ሲገኙ፣ ከቻይናና ከታይዋን የተገኙት የዱር ስትሬኖች ግን ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ የራቁ ነበሩ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከወይን ጠጅ ጠማቂዎች የምትማሩት ብዙ ነገር አለ። ወይን ጠጅ እንዳይበላሽ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጨመር የቆየ ልማድ ነው፤ በዚህም የተነሣ በብዙ የወይን ጠጅ ስትሬኖች ውስጥ ጂኖችን ከተሸከሙት ክሮሞሶሞች መካከል የ8ኛውና የ16ኛው ክፍሎች ቦታ ተለዋውጠው፣ ሰልፋይትን (ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ በወይን ጠጁ ውስጥ የሚይዘውን መልክ) ከሴሉ አውጥቶ የሚጥለው ኤስኤስዩ1 የተባለ ጂን በኃይል እንዲሠራ ሆኗል። ጠማቂው ሳያውቀው በበርሜሉ ውስጥ እርሾ ሲመርጥ ኖሯል ማለት ነው። በእኛ ጋን ውስጥ ደግሞ መራጩ ሌላ ነው፤ የብርዙ ከፍተኛ ስኳር፣ ጌሾው፣ ጋኑ የሚታጠንበት የወይራ ጭስ አለ። ጌሾ የትኛውን ስትሬን እንደሚጎዳና የትኛውን እንደማይነካ የሚፈትን ሥራ፣ የዝርያ ስም ከሚደረድሩ ዐሥር ጽሑፎች ይልቅ ለእኔ ያስደስተኛል።

ናሙና ስትወስዱ የበሰለውን ጠጅ ከብርሌ ቀድታችሁ ብቻ አትመለሱ። መፍላት ሲጀምር በብርዙ ውስጥ የሚገኙት እርሾዎች ብዙ ናቸው፤ አልኮሉ እየጨመረ፣ ኦክስጅኑም እያነሰ ሲሄድ አብዛኞቹ ይደክማሉ፣ መጨረሻ ላይ ብትደርሱ የምታገኙት በአብዛኛው አሸናፊውን ነው። ስለዚህ ማሩ ከውኃ ጋር በተበረዘበት ቀን፣ ሰፈፉ በሚገፈፍበት ጊዜ፣ የተቀቀለው ጌሾ ከተጨመረ በኋላ፣ ከዚያም ጠጁ እስኪደርስ ድረስ ደጋግማችሁ ውሰዱ። ደብልዩ ኤል በተባለው፣ እርሾ በላቦራቶሪ ሰሃን በሚያድግበት የምግብ መደብ ላይ ስትዘሩት ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ሳካሮማይሴስ ወደ ነጭነት ያደላ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ጉብ ያለ ቅኝ (ተባዝቶ በዓይን የሚታይ የእርሾ ክምር) ሲሠራ፣ ሃንሴንያስፖራ የተባለው ሌላ የእርሾ ወገን ዝርግና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ታዲያ ፈጥኖ ያደገውንና ጎልቶ የታየውን ብቻ መልቀም የተለመደ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰሃን ትንንሾቹንም ጨምራችሁ በዕጣ ልቀሙ፣ ከአንድ ናሙናም ሁለት ሦስት ሳይሆን ሃያ ሠላሳ ያህል ቅኝ ለዩ። ለስትሬን መለያ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም፤ ኢንተርዴልታ ፒሲአር፣ ማለትም የእርሾውን ዲኤንኤ ቁርጥራጮች አባዝቶ በርዝመታቸው ስትሬኖችን የሚለይ ዘዴ፣ በተራ የፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ) ማሽንና ቁርጥራጮቹ በሚለዩበት አጋሮዝ ጄል የሚሠራ ሲሆን፣ በአንድ ጋን ውስጥ ስንት ዓይነት ሳካሮማይሴስ እንዳለ ለማየት ለመነሻ ይበቃል።

ከላቦራቶሪው በፊት ግን ጠጅ የሚጥሉትን እናት ጠይቋቸው። ጋኑ በደንብ ይታጠባል ወይስ የቀድሞው ጠጅ ዝቃጭ ይተውበታል? የጌሾው ቅጠል ነው ወይስ እንጨቱ? ማሩ ከየት መጣ? ስኳር ተቀላቅሎበታል ወይ የሚለውን በጨዋነትና በመጨረሻ ጠይቁ፤ በከተማ ጠጅ ቤቶች ይህ የተለመደ ቢሆንም ማንም በቀላሉ አይናገረውም፣ መልሱ ግን ውጤታችሁን ከሥሩ ይለውጠዋል። ዝቃጩ ከጋን ወደ ጋን የሚተላለፍ ከሆነ በዚያ ቤት ለዓመታት የኖረ እርሾ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ጋኑ በየጊዜው ተፍቆ የሚታጠን ከሆነ ደግሞ የእርሾውን ምንጭ በማሩ፣ በጌሾውና በዕቃው ላይ መፈለግ ይኖርባችኋል።

የለያችሁትን እርሾ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ስትፈልጉ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዳለ አትርሱ፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የባልደረባ ጥያቄ ስለሆነ ብቻ ያለ ፈቃድ እርሾ የያዘ ቱቦ በፖስታ የሚልክ ሰው አይቻለሁ፣ አልወደድኩትም።

ስለ ማቆያው አንድ ነገር ልጨምር። እርሾን በየሳምንቱ ከሰሃን ወደ ሰሃን እያዛወራችሁ አታኑሩት፤ በዚህ መንገድ ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ በጋኑ ውስጥ የነበረው ስትሬን ከላቦራቶሪው ኑሮ ጋር ተላምዶ ይለወጣል። ሴሉን ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቀው በግሊሰሮል ቀላቅላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አስቀምጡት፤ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ከሆናችሁ ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ሕንፃ ማቀዝቀዣ አኑሩ፣ በቱቦው ላይም ከቁጥሩ ጋር የማሩን አገር፣ ናሙናው የተወሰደበትን ቀንና ከመፍላቱ ስንተኛው ቀን እንደነበረ ጻፉበት።