«ሳፍታ ሻባት ላይ ለምን ቀዝቃዛ ትበላለች?»

ጥያቄ፦

እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከአሽቀሎን ነው። የ32 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል ናቸው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ እዚሁ እስራኤል ተወልዶ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። እናቴ፣ ልጆቼ «ሳፍታ» (አያት) የሚሏት፣ ዓርብ ዓርብ እኛ ዘንድ ታድራለች። ሻባት (ሰንበት) ከገባ በኋላ ግን ከፕላታ፣ ምግብ ሲያሞቅ ከሚያድረው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የወረደ ምግብ በአፏ አታዞርም። አማቴ ዓርብ ከሰዓት ደፊናዋን፣ የሞሮኮ አይሁድን የሻባት ወጥ፣ አምጥታ እዚያው ላይ ትጥደዋለች፤ ስጋውና ባቄላው ሲበስል ያድራል። ቅዳሜ ሁላችንም ስንበላ እናቴ ዳቦና ውሃ ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። አማቴ «ምግቤን ተጸየፈችው» ብላ ተቀይማለች። ባለፈው ደግሞ የ8 ዓመቱ ልጄ «መምህራችን ሻባት ላይ ትኩስ መብላት ለቀኑ ክብር ነው ብላለች፤ ሳፍታ እንደ አይሁድ አታከብርም» አላት። እናቴ ምንም አልመለሰችለትም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሲደርስ «አሞኛል» እያለች ትቀራለች። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አሞኛል» የሚለው ጋ ስደርስ ሆዴ ተላወሰ። እሷን ማስረዳቱን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው ልጅሽ ነው። ለእሱ ደግሞ አንቺ ራስሽ ነገሩን በደንብ ማወቅ አለብሽ።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር፣ አምቦበር አጠገብ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወንዝ ወርደን እንታጠባለን፣ ነጭ እንለብሳለን። እናቴ ዳቦውን ጋግራ፣ ወጡን ሠርታ ትጨርሳለች። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ምድጃው ላይ ውሃ ታፈስበታለች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ አመዱን በእጇ ትዳብሳለች፤ አንዲት ፍም እንኳ እንዳትቀር። ሲመሽ ኩራዝ የለም። ጠዋት ቡና የለም። ቅዳሜ ወደ መስጊድ እንሄዳለን፤ የጸሎት ቤታችንን የምንጠራው እንዲህ ነበር። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሱልናል። የደጋው ብርድ አጥንት ሲሰብርም «እሳት» የሚል ሰው አልሰማሁም።

ይህ ከኦሪት የመጣ ነው። ዘጸአት 35፥3 በሰንበት ቀን በየቤታችሁ እሳት አታንድዱ ይላል። አባቶቻችን ቃሉን እንዳለ ያዙት፦ በሰንበት ቤት ውስጥ እሳት አይኖርም። ረቢዎቹ፣ የሌላው ዓለም አይሁድ የሕግ መምህራን፣ ደግሞ የተከለከለው በሰንበት መለኮስ ነው፣ ዓርብ የተለኮሰው እየነደደ ቢያድር ይፈቀዳል ብለው አስተማሩ። የሻባት ሻማም፣ ደፊናም፣ ዓርብ ተሰክቶ የሚያድረው ፕላታም የመጣው ከዚሁ ትምህርት ነው። ይህ የረቢዎች ትምህርት፣ ታልሙዱ፣ ለአባቶቻችን አልደረሳቸውም። እነሱ የነበራቸው በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ነው። የነበራቸውን ደግሞ አንዲት ፍም ሳያስቀሩ ጠበቁ።

መምህሯም ያለ ነገር አልተናገረችም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ረቢዎች ቀራውያን ከሚባሉት አይሁድ ጋር በዚሁ ቃል ላይ ተከራክረዋል። ቀራውያኑ እንደኛው በሰንበት እሳት አያቆዩም ነበር። በዚያ ክርክር ምክንያት ሻባት ላይ ትኩስ መብላት ከረቢዎቹ ወገን የመሆን ምልክት ሆነ። እናትሽ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የሉበትም። ማንንም ሊቃወሙ ብለው ቀዝቃዛ አልበሉም። ይህን ለመምህሯ ሄደሽ በትሕትና ንገሪያት፤ ብዙዎቹ መምህራን አያውቁትም እንጂ ሲነገራቸው ይሰማሉ።

አሁን የእኔን እናት ላውራሽ።

እኛ የመጣነው እስራኤል ቤተ እስራኤልን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ባጓጓዘችበት በዘመቻ ሰሎሞን፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 1991 መሆኑ ነው። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። ዕለቱ ዓርብና ቅዳሜ ነበር። አስቢው፣ በሰንበት ከመንደሩ ወሰን የማያልፍ ሰው በሰንበት አውሮፕላን ተሳፈረ! የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንበሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ነው የተቀመጥነው። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ዓርብ ጠዋት አዲስ አበባ የጋገረችውን ዳቦ ከጉያዋ አውጥታ ቆረሰችልን። «ነፍስ ለማዳን ነው፣ እሱ ያውቃል» አለች። ድምጿ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጀመሪያ ያረፍነው ሆቴል ውስጥ ነው። በቀጣዩ ዓርብ አንዲት ደግ ሴት መጥታ ሻማ ለኮሰችልን። እናቴ ማጥፋቱን የረሳችው መሰላትና እፍ ብላ አጠፋችው። ሴትዮዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ነገሩን ቋንቋ የሚችል ሰው ሲያስረዳት ደግሞ እናቴ አለቀሰች። ሁለቱም ሰንበትን የሚያከብሩ ሴቶች ነበሩ፤ ይህን ትዕይንት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናቴ ከዓመታት በኋላ ሻማ መለኮስ ለመደች፣ ወደደችውም። ትኩስ ምግብ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በሰንበት አልቀመሰችም። እኛም አንድ ቀን «ብዪ» ብለን አልታገልናትም።

እንግዲህ ማዕዱን እንዲህ ብታደርጊውስ? የሞሮኮ ሰዎች የሻባት ማዕድ በቀዝቃዛ ሰላጣ እንደሚጀመር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቀይ ሥሩ፣ ካሮቱ፣ ደበርጃኑ። እዚያ መሐል አንቺ አዚፋ አቅርቢ። ሱፍ ፍትፍት አቅርቢ። ስልጆም ካለሽ ይጨመር። ሁሉም ዓርብ ተሠርቶ የሚያድር፣ ሲቀዘቅዝ የሚጥም ነው። የእናትሽ ዳቦ መሐል ላይ ይሁን። ሁላችሁም ከዚያ ብሉ፣ አማትሽም ጭምር። ደፊናው ኋላ ሲመጣ እናትሽ የጠገቡ ናቸው፤ ጥግ መቀመጥ አያስፈልጋቸውም። ለአማትሽ ግን ባልሽ ራሱ ያስረዳት። ከልጇ አፍ ስትሰማው ቅያሜው ይለዝባል።

የስግድ ዕለት፣ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል፣ ኅዳር አካባቢ በሚውለው (በአይሁድ አቆጣጠር በሔሽቫን ወር 29)፣ ልጅሽን ከአያቱ ጋር ኢየሩሳሌም ይዘሽው ሂጂ። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው። ቄሶቹ ባለቀለም ጥላቸውን ይዘው፣ ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ፣ ሳፍታው ከሕዝቡ ጋር ስትሰግድ ይያት።

እስከዚያ ግን አትቆዪ። በዚህ ሐሙስ ማታ ልጁ ራሱ ይደውልላቸው። ይቅርታ የሚለውን ቃል አንቺ አታስጠኚው፣ ከመጣለት ይበል። «ሳፍታ፣ ነገ ዳቦ አብረን እንጋግር» ይበላቸው። ዓርብ በጊዜ ሂዱና ከቤታቸው አምጧቸው።