ቴሌቪዥን ቤተሰብን ሰበሰበ ወይስ በተነ?

ቴሌቪዥን ቤተሰብን አሰባሰበ ወይስ ለያየ ብለው ለጠየቁት፣ ሁለቱንም አድርጓል፤ ዘመኑ ግን ይለያያል።

መሣሪያው ብርቅ በነበረበት ጊዜ አንዱ የገዛው ለጎረቤትም ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የዳግማዊት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ሲተላለፍ በብሪታንያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል። የሚበዛው በሰው ቤት ተጋብዞ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ልጆች ወለል ላይ ተኮልኩለው፣ ከትንሿ ጥቁርና ነጭ መስኮት ፊት ተጠጋግቶ ነው ያየው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው አገር እስከ 1957 ድረስ ወላጆች ሕፃናትን እንዲያስተኙ ተብሎ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ስርጭቱ ይቋረጥ ነበር! የቤት ውስጥ ሥርዓት በስርጭት ሰዓት ሲመራ ከዚህ የጎላ ምሳሌ አላውቅም።

መለያየቱን ብዙ ሰው በስማርት ስልክ ያሳብባል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። የዋጋው መርከስ ሁለተኛውን ቴሌቪዥን ወደ መኝታ ቤት አስገባው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጣው የቪዲዮ ካሴት ደግሞ የጋራውን ሰዓት ሻረው። ከዚያ በፊት እኮ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚታይ መከራከር ግድ ነበር፤ አባት ዜና፣ ልጆች ካርቱን፣ እናት ድራማ ይፈልጋሉ። ያ ክርክር ራሱ አብሮ መኖር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የቀረውም ስልክ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን መሣሪያ ሲያገኝ ነው።