አረፋው የታለ? ከፍሪዘር ስለሚገዛው ሩት ቢር ፍሎት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ9 ዓመት ልጄ ጓደኛዋ ልደት ላይ ሩት ቢር ፍሎት፣ ማለትም ሩት ቢር የሚባለውን ለስላሳ አይስክሬም ተጨምሮበት፣ ጠጥታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እኔ ማዘጋጀቱን ስለማላውቅበት ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር ባለ እንጨቱን ገዛሁላት። ካርቶኑ ላይ ሩት ቢር ፍሎት ይላል። ውጪው ቡናማ በረዶ፣ ውስጡ ነጭ አይስክሬም ነው። ገና አንዴ ላስ አድርጋው «አረፋው የታለ?» አለችኝ። እኔም ቀመስኩት። ወገባችንን ሲያመን የምንቀባውን ቅባት ይሸታል። ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞስ ለጾም ይሆናል?
*እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ እህቴ፣ አልተበላሸም። ሩት ቢር እንዲያ ነው። ውስጡ ዊንተርግሪን የሚባል ቅጠል ጣዕም አለበት። ያ ሽታ የሚመጣው ሜቲል ሳሊሲሌት ከሚባል ነገር ነው። የወገብ ቅባቱ ውስጥም ያለው እሱው ነው፤ አፍንጫሽ ልክ ነው። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች ግን ሽታውን ከልደትና ከበጋ ጋር ነው የሚያውቁት፤ መድኃኒት ትዝ አይላቸውም። ቢር የሚለው ስም ደግሞ አያስጨንቅሽ። ከለስላሳዎቹ ጋር ተደርድሮ የሚሸጠው አልኮል የለውም።

ልጅሽ ግን ዋናውን ነገር ነው የጠየቀችው።

ወደ አሜሪካ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ሜሪላንድ ውስጥ አይስክሬም ቤት ነበር። ፍሎት የሚያዙት ባብዛኛው ሸምገል ያሉ ሰዎች ነበሩ። ብርጭቆውን ሳቀርብላቸው ቶሎ አይጠጡትም። መጀመሪያ አረፋውን በማንኪያ ያነሱታል። ከዚያ ከሥር በስትሮ ይስባሉ። ሶዳው የነካው የአይስክሬም ዳር ጠጠር ብሎ ስስ የበረዶ ቅርፊት ያወጣል፤ እሱን እየቆረሱ ይበላሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቀላቅሎ ወፍራም ወተት ይሆናል። ሰውየው ፍሎት አማረኝ ሲል ያማረው ይህ ሁሉ ነው።

አረፋው የሚመጣው ከጋዙ ነው። ሶዳው አይስክሬሙን ሲነካ ጋዙ በበረዶው ቅንጣትና በአየሩ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል። አይስክሬም ራሱ ብዙ አየር አለበት። በአሜሪካ ደንብ አንድ ጋሎን አይስክሬም ከ4.5 ፓውንድ ማነስ የለበትም የተባለውም አየሩ ከልክ እንዳያልፍ ነው። ከዚያ የወተቱ ፕሮቲን አረፋውን ይለብሰውና ቶሎ እንዳይጠፋ ይይዘዋል። አሁን ይህን ፍሪዘር ውስጥ አስቢው። ውሃ በረዶ ሲሠራ ለጋዝ ቦታ አይሰጥም፤ እየገፋ ያስወጣዋል። ስለዚህ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው፣ የደረቀው ፍሎት አረፋ አይኖረውም።

እንግዲህ አትግዢ ልልሽ ነው? አይደለም። እኔ እወደዋለሁ። ቅዝቃዜ ሽታንም ጣፋጭነትንም ያደበዝዛል። ለዚህ ነው ያ የቅባት ሽታ በደረቀው ላይ ቀለል የሚለው፤ የብርጭቆውን ብትቀምሺ ይብስብሽ ነበር። ሩት ቢር መልመድ ለሚፈልግ ሐበሻ ጥሩ መጀመሪያ ነው እላለሁ። ብቻ ከፍሪዘር እንዳወጣሽ አትስጫት። ትንሽ ይላላ። ቡናማው በረዶ ከነጩ አይስክሬም ጋር መቀላቀል ሲጀምር፣ ያኔ ነው ወደ ፍሎት የሚጠጋው። ስትገዢ ደግሞ ካርቶኑን እይ። አይስክሬም ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ቅባት ያስፈልጋል። እዚያ ያልደረሰው ብዙ ጊዜ ፍሮዝን ዴይሪ ዲዘርት ተብሎ ይጻፋል። ልዩነቱ ምላስ ላይ ያስታውቃል፤ የመጀመሪያውን ምረጪ።

ካርቶን ውስጥ የቀሩትን እንዲህ አድርጊላት። ረዘም ያለ ብርጭቆ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዢ። አይስክሬሙን ከእንጨቱ አላቅቀሽ ክተቺበት። ቀዝቃዛ ሩት ቢር በብርጭቆው ጎን፣ ቀስ እያልሽ አውርጂ። አረፋው ገንፍሎ ይመጣል፤ ከሥሩ ሳህን አድርጊ። በአንድ ባለ 12 አውንስ ጣሳ ሩት ቢር ብዙውን ጊዜ ከ40 ግራም በላይ ስኳር ስላለ፣ በሱ ፋንታ አምቦን የመሰለ ጣዕም የሌለው ባለ ጋዝ ውሃ ብታፈሺበትም ይሠራል። ጣዕሙን በረዶው ይሰጠዋል። እኔ ለልጅ ይህኛውን እመርጣለሁ።

እየጠጣች ታሪኩን ንገሪያት፤ ሁለቱም ነገር ከፊላደልፊያ ጋር የተያያዘ ነው። አይስክሬምን ከሶዳ ጋር በማዋሃድ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሮበርት ግሪን በ1874 እ.ኤ.አ. እዚያ ይሸጥ ነበር። ቻርልስ ሃየርስ የሚባለው ፋርማሲስት ደግሞ በ1876 እ.ኤ.አ. እዚያው በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሩት ቢሩን ለሕዝብ አቀረበ። የድሮው ሩት ቢር ጣዕሙን የሚያገኘው ሳሳፍራስ ከሚባል ዛፍ ሥር ነበር። ሥሩ ውስጥ ያለው ሳፍሮል በ1960 እ.ኤ.አ. ከምግብና ከመጠጥ ስለታገደ፣ ዛሬ የምንጠጣው በሌላ ቅመም የተሠራ ነው።

ለጾም አይሆንም። ወተት አለበት። እዚህ አገር ካርቶኑ ላይ ወተት መኖሩን መጻፍ ግዴታ ስለሆነ አትቸገሪም። ጄላቲን የሚል ካየሽ ደግሞ ጠይቂ፤ ከአሳማ ሊሆን ይችላል። በጾም ቀን ከኮኮናት ወይም ከአጃ ወተት የተሠራ አይስክሬም ገዝተሽ ከሩት ቢር ጋር አድርጊላት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ያንኑ ባለ እንጨት ፍሎት ቤት ውስጥ ልሠራው ሞክሬ እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። የተጠቀምኩት ዳየት ሩት ቢር ነው።
*ተማሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምክንያቱ ዳየቱ ነው። ስኳር በረዶው ለስለስ እንዲል ያደርጋል፤ ዳየቱ ደግሞ ስኳር የለውም። መደበኛውን ግዛ። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጠህ ጋዙ እስኪወጣ ተወው። ከዚያ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እስከ ግማሽ ሙላና ፍሪዘር ክተት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ጭቃ ጭቃ ሲል፣ የላላ ቫኒላ አይስክሬም በማንኪያ ጨምርበትና እንጨቱን ሰክተህ አሳድረው። ከነጋዙ ቶሎ ይድረስልኝ ብለህ ግን ያልተከፈተ ጣሳ ፍሪዘር ውስጥ አትክተት። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ጣሳው ይፈነዳብሃል።