ኮሚቴው ይቆይ፤ መጀመሪያ 20 ሰዓትሽን አስከብሪ

ሰላም እህቴ፣

በዘጠኝ ዓመትሽ ከጎንደር አሜሪካ ገብተሽ፣ አሁን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲሽን ልትጨርሺ ወራት ቀርተውሻል። የማስተማሪያ ሆስፒታልሽ የክፍል ኃላፊ በረዳት ፕሮፌሰርነት እንድትቀሪ ጠይቀውሽ፣ በዚያው አፋቸው የብዝኃነት ኮሚቴውን፣ ማለትም የተለያየ ዘርና አመጣጥ ያላቸው ሰዎች እንዲካተቱ የሚሠራውን፣ እንድትመሪ ፈልገዋል። አባትሽ ደግሞ የትምህርት ዕዳሽ እንቅልፍ ነስቷቸው ደመወዙ ዳጎስ ወዳለ የግል ሆስፒታል ሂጂ ይላሉ። ምን ላድርግ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ቅሪ። ኮሚቴውን ግን ለጊዜው አትያዢ።

እንድትቀሪ የምፈልግበትን ምክንያት ከራስሽ ሥራ ላሳይሽ። የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚያሰላው ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ያልጀመሩ የኩላሊት የንቅለ ተከላ ጠባቂዎች ተራቸው መቆጠር የሚጀምረው አቅሙ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። 18 የነበረው ሰው በዚያ ማባዣ 21 ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ «ገና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የደም ምርመራው ከእሱ ጋር አንድ የሆነ ነጭ ታካሚ ግን ተራው መቆጠር ጀምሯል። ይህ ስሌት እንዲፈተሽ አጥብቀው ከወተወቱት መካከል የሕክምና ተማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ወጣ፤ በ2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች ለጥቁር ታካሚዎች የባከነባቸውን የጥበቃ ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚነሳው በአብዛኛው በማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ጠያቂው ደግሞ እዚያ መገኘት አለበት።

በእነዚህ ሆስፒታሎች ጥቁር ጠያቂ ጥቂት የሆነበትም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1910 የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከገመገመው የፍሌክስነር ሪፖርት በኋላ ከሰባቱ የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘግተው ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ቀሩ። ዛሬ ከ100 የአሜሪካ ሐኪሞች ጥቁሮቹ 5 ያህል ናቸው፤ በመምህራኑ ዘንድ ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል። እኛ ሐበሾች ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ስንሞላ፣ እነዚያ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሳይዘጋ ባቆዩት ደጅ እየገባን መሆኑን ባንረሳ ደስ ይለኛል።

ወደ ኮሚቴው ልመለስ። ተመራማሪዎች «የአናሳዎች ግብር» የሚሉት ነገር አለ፦ በክፍሉ ያለችው ጥቁር መምህርት አንድ ብቻ ስትሆን ስብሰባው፣ የአመልካቾች ቃለ መጠይቁ፣ የተከፋች ተማሪን ማጽናናቱ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። የማዕረግ እድገት ሲደርስ ግን የሚጠየቀው የታተመ የምርምር ጽሑፍ ነው። ያማከርኳት አንዲት ሐኪም አራት ዓመት እንዲህ ስትሮጥ ቆይታ፣ ፋይሏ ሲከፈት የተገኘው ሁለት ጽሑፍ ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኮሚቴው ራሱም ዋስትና የለውም፤ ቴክሳስ ከ2024 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ያሉ የብዝኃነት ቢሮዎችን በሕግ ዘግታለች።

የአባትሽ ጭንቀት የእውነት ነው፤ መልስ ይዘሽላቸው ግቢ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ምርምር ለሚሠሩ፣ ተወዳድረው ላሸነፉ ሐኪሞች በዓመት እስከ 50,000 ዶላር የትምህርት ዕዳ ይከፍላሉ። እንግዲህ ኃላፊውን ስታገኚያቸው የምትጠይቂው ይህንኑ ነው፦ በሳምንት 20 ሰዓት ለምርምር፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት፣ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ተጽፎ። ኮሚቴውን አጥብቀው ከጠየቁሽ ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ከየትኛው ሥራሽ እንደሚቀነስ እሱንም ይጻፉልሽ። የቃል ተስፋ ኃላፊው ሲቀየሩ አብሯቸው ይሄዳል።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አባትሽም ባሉበት አብረን እናነበዋለን።